ለልጃችን የትኛውን የንግድ ትምህርት መጽሐፍ እንግዛላት?



በዚህ ወር የቤተሰብና የትምህርት ዓምዳችን የምንነጋገርበትን ጉዳይ ያነሣልን ከአርሲ ዞን፣ ከዶዶታ ወረዳ፣ ከዴራ ከተማ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው አነስተኛ ሱቅ ያላቸው አባት ናቸው። ልጃቸው ወደ 11ኛ ክፍል አልፋ የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን መርጣለች፤ ኢንሻአላህ ወደፊት አካውንቲንግ ማጥናት ትፈልጋለች። አባትም ዕቃ ለማምጣት ወደ አዳማ በወረዱ ቁጥር አንዳንድ አጋዥ መጽሐፍ እየገዙላት ሦስት ደርሰዋል። ልጅቷ ግን አንደኛው መጽሐፍ በክፍል ከምትማረው ጋር እንደማይገጥም፣ ሁለተኛው ጥያቄና የመልስ ፊደል ብቻ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንግሊዝኛው እንደከበዳት ነግራቸዋለች። ወንድማችን የሚጠይቁን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? ሁለተኛ፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ወለድ በሰፊው ስለተጻፈ ልጄ ይህን ማጥናቷ ከዲናችን አንጻር እንዴት ይታያል?

ጥያቄው የአንድ ሱቅ ባለቤት ብቻ አይደለም። ከአሰላ እስከ አዳማ፣ ከዚያም አልፎ በየከተማው በንግድ የሚተዳደሩ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን ሥራ በትምህርት አስደግፈው እንዲይዙ ይመኛሉ። መጽሐፍ መግዣው ገንዘብ ከዕለት ገበያ የሚቀነስ ስለሆነ ቀላል አይደለም፤ የልጅቷ ሁለት ዓመት ግን ከገንዘቡም ይበልጣል። በመሆኑም ጉዳዩን ከመሠረቱ እንመልከተው።

በመጀመሪያ የትምህርቱን ስም እንለይ

የንግድ ትምህርት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነበር። ከዚያም በኋላ በአንዳንድ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንግድ ክፍል ተከፍቶ ተማሪዎች የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የጽሕፈት መኪና ይማሩ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ በነበረው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ከኢኮኖሚክስ ጎን «ጄኔራል ቢዝነስ» የሚባል ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። የዛሬ ወላጆች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች የሚያስታውሱት ይህንን ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በየደረጃው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ገብቷል። ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መሰጠት ጀምሯል። ስለ ገንዘብና ባንክ፣ ስለ ገበያ ዓይነቶች፣ ንግድ ስለ መጀመርና ስለ ግብር የሚያስተምሩ ምዕራፎችም በዚሁ በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፍ መሸጫዎችና በመንገድ ዳር በተነጠፉ ሸራዎች ላይ የቀድሞውም የአዲሱም ሥርዓተ ትምህርት አጋዥ መጻሕፍት ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። ሽፋናቸው አዲስ ሆኖ ውስጣቸው የቆየ የሆኑም አይጠፉም። «የቢዝነስ መጽሐፍ ለ11ኛ ክፍል» ብሎ የጠየቀ አባት ሻጩ የቀድሞውን ጄኔራል ቢዝነስ ቢሰጠው ሻጩ ዋሸ አይባልም። የተጠየቀውን ሰጥቷል።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ከልጃችን ጋር ተቀምጠን በወረቀት ላይ ሦስት ነገር እንጻፍ። በዚህ ዓመት በትምህርት ቤቷ የሚሰጡት ትምህርቶች ስም፣ የእያንዳንዱ መማሪያ መጽሐፍ የታተመበት ዓመት፣ እንዲሁም የምዕራፎቹ ርእስ በተራ። ይህች አንዲት ወረቀት ኪሳችን ውስጥ ካለች ከግማሽ የሚበልጠው ስሕተት ይቀርልናል።

ግንዱ መማሪያ መጽሐፉ ነው

ብዙ ወላጆች አጋዥ መጽሐፍ ለመግዛት ሲሯሯጡ ዋናው የመማሪያ መጽሐፍ በልጃቸው እጅ መኖሩን አይጠይቁም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ የታተመው መጽሐፍ በበቂ ቁጥር ያልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎች ናቸው። አንዱን መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት መካፈልም የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ ትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍቱን በኤሌክትሮኒክ ቅጂም ስላወጣቸው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ማግኘት ይቻላል። በስልክ ማንበብ ዓይን የሚያደክም፣ ልጅንም ወደ ሌላ ነገር የሚስብ ከሆነ፣ የኢኮኖሚክሱን መጽሐፍ ብቻ እንኳ በፎቶ ኮፒ አስገልብጦ መጠረዝ ከሁለት አጋዥ መጻሕፍት የተሻለ ዋጋ አለው።

ምክንያቱም ፈተናው የሚወጣው ከዚያ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ውጤቱ ምን እንደሚመስል ሁላችንም ሰምተናል። በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሁንም ከግማሽ በታች ናቸው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ «መልሱ ቢ ነው» የሚለውን ሸምድዶ መግባት የትም አያደርስም። ጥያቄው በትንሹ ሲገለበጥ የተሸመደደው መልስ አይሠራምና።

መማሪያ መጽሐፉን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ምክር አለን። ለመምህሩ የተዘጋጀ መምሪያም አለ። መምህሩ በየምዕራፉ ተማሪው ምን ማወቅ እንዳለበት የሚያይበት መጽሐፍ ነው። የልጃችንን መምህር በአክብሮት ቀርበን «በዚህ ሴሚስተር ትኩረት የሚሰጠው የትኛው ክፍል ነው? ብሔራዊ ፈተናውስ ከየትኛው ክፍል እስከ የትኛው ክፍል ያካትታል?» ብለን ብንጠይቅ አብዛኞቹ መምህራን በደስታ ይነግሩናል። የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ በሚደረግባቸው ዓመታት ይህ መልስ ከዓመት ዓመት ሊለያይ ስለሚችል የአምናውን ተፈታኝ ጠይቆ መተው አይበቃም።

አጋዥ መጽሐፍን የምንፈትንባቸው አምስት መንገዶች

አጋዥ መጽሐፍ ጨርሶ አያስፈልግም አንልም። ጥሩው አጋዥ መጽሐፍ በክፍል ውስጥ ያልገባን ነገር በሌላ አገላለጽ ያስረዳል፣ መልመጃም ይጨምራል። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ግን ሽፋኑን ሳይሆን ውስጡን መፈተን ያስፈልጋል። ሻጩን አስፈቅደን አሥር ደቂቃ ቆመን ብናየው ነውር የለበትም።

አንደኛ፣ የምዕራፎቹን ዝርዝር በኪሳችን ካለችው ወረቀት ጋር እናስተያይ። ከምዕራፎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ከገጠሙ መጽሐፉ ለሌላ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ ነው። ርካሽ ቢሆንም እንተወው።

ሁለተኛ፣ የመልሶቹን ገጽ እንክፈት። መልሱ «1. ሀ፣ 2. መ» እያለ ብቻ የሚሄድ ከሆነ መጽሐፉ ያስፈትናል እንጂ አያስተምርም። ለምን «ሀ» እንደ ሆነና ለምን «ለ» እንዳልሆነ ቢያንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳውን እንምረጥ።

ሦስተኛ፣ አንድ ስሌት እንሥራበት። ነጋዴ የሆነ ወላጅ እዚህ ላይ ከማንም በላይ አዋቂ ነው። ለምሳሌ በ400 ብር የተገዛ ዕቃ በ500 ብር ቢሸጥ ትርፉ ስንት በመቶ ነው? ከተገዛበት ዋጋ አንጻር 25 በመቶ ነው፤ ከተሸጠበት ዋጋ አንጻር ግን 20 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ መጽሐፍ ልዩነቱን ያሳያል። ሁለቱን የሚያቀላቅል መጽሐፍ ካጋጠመን በሌላውም ገጽ ልናምነው አንችልም።

አራተኛ፣ የሕጉን ዘመን እንይ። ስለ ንግድ ድርጅቶች ዓይነት የሚያወራው ገጽ ጥሩ ምልክት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ነበር። በዚያ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲኖር ፈቅዷል። መጽሐፉ ይህን ጭራሽ ካላነሣ የቆየ ነው ማለት ነው። የደመወዝ ግብር ሰንጠረዡም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ገቢ እስከ 600 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ግን 2,000 ብር ሆኗል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መማሪያ መጽሐፉ ራሱ ከማሻሻያው በፊት የታተመ ስለሆነ ልጅቷ በመጽሐፉ ያለውንም በሥራ ላይ ያለውንም ማወቅ ይኖርባታል። በፈተና የትኛው እንደሚጠየቅ መምህሯን ትጠይቅ።

አምስተኛ፣ ቋንቋውን እንመዝን። ይህ ለዴራና ለአካባቢዋ ልጆች ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው እንመለስበታለን።

ከእነዚህ አምስቱ በኋላ የሚቀረው የቁጥር ጉዳይ ነው። ለአንድ ትምህርት ከአንድ በላይ አጋዥ መጽሐፍ መግዛት በአብዛኛው ብክነት ነው። አካውንቲንግ ለማጥናት የምትመኝ ልጅ የሚያስፈልጋት የኢኮኖሚክስ ውጤት ብቻ አይደለም። ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ታሪክም ተደምረው ነው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገቧት። ሦስተኛው የኢኮኖሚክስ አጋዥ የተገዛበት ገንዘብ ለሒሳብ መጽሐፍ ቢውል ይሻላል፤ አካውንቲንግ ያለ ሒሳብ አይሆንምና።

የቋንቋው ግድግዳ

በኦሮሚያ ብዙ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ይነገራል፤ መድረሳ ሄደው ዐረብኛ ፊደል ይቆጥራሉ። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ስለ ንግድ የሚያወሩ ቃላት ደግሞ ከሌላው ትምህርት የባሰ ያስቸግራሉ፤ ልጅቷ ነገሩን ከአባቷ ሱቅ ታውቀዋለች፣ ስሙን ግን አታውቀውም። ዱቤ የሰጠችውን ሰው «ባለዕዳ» እንደሚባል ታውቃለች፤ በመጽሐፉ «ዴብተር» ሲባል ሌላ ነገር ይመስላታል። ለአከፋፋዩ የሚከፈለው ቀሪ ሒሳብ በየሳምንቱ ሲነሣ ትሰማለች፤ «አካውንትስ ፔይብል» ሲባል ግን ትደነግጣለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ደብተር ለቃላት ብቻ ይያዝ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በመሐል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ትርጉሙ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከሱቁ አንድ ምሳሌ ይጻፍ። በቀን አምስት ቃል ቢያዝ በሁለት ወር ሦስት መቶ ቃል ይሆናል። አጋዥ መጽሐፍ ስንመርጥም ሐሳቡን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳውን፣ ከኋላው የቃላት መፍቻ ያለውን እናስቀድም። በአገር ቋንቋ ብቻ የተዘጋጀ ማስታወሻ ለመረዳት ይጠቅማል፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከመማሪያ መጽሐፉ ሊለየን አይገባም።

ምሳሌዎቹንም ወደ አገራችን እናምጣቸው። መጽሐፉ ስለ ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ሲያወራ ልጆቻችን ትምህርቱ የእነሱ አይመስላቸውም። ነገር ግን የፍላጎትና የአቅርቦት ትምህርት በዴራ ገበያ በየሳምንቱ ይታያል። እህል አውድማ ላይ ባለበት ወር ዋጋው ይወርዳል፤ በክረምት፣ ጎተራ ሲጎድል፣ ይወጣል። የመጓጓዣ ወጪ የዕቃው ዋጋ አካል መሆኑን ለመረዳት ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ በኩል ዴራ ድረስ አንድ ካርቶን ሳሙና ማምጣት ስንት እንደሚፈጅ ማስላት ይበቃል። ወደ ላይ፣ ወደ አሰላ ስንወጣ ደግሞ የብቅል ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎችንና በ1970ዎቹ የተቋቋመውን የአሰላ ብቅል ፋብሪካ እናገኛለን። ይህ የጥሬ ዕቃ አቅራቢና የፋብሪካ ግንኙነት ምን እንደሚመስል ሕያው ምሳሌ ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በብዙዎች ዘንድ «ካዱ» የሚባለው፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአሰላ ሥራ ሲጀምር ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ ነበር። አረጋውያን ጎረቤቶቻችን ይህን በደንብ ያስታውሳሉ። ልጆቻችን ስለ ብድርና ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲማሩ አያቶቻቸውን ቢጠይቁ ከመጽሐፉ በላይ ይማራሉ።

ስለ ወለድ ምዕራፍ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 275ኛው አንቀጽ ንግድን እንደፈቀደና ወለድን (ሪባን) እርም እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ወለድ «የካፒታል ዋጋ» ተብሎ የተጻፈበትን መጽሐፍ ለልጃችን እንዴት እንሰጣለን?

አንድን ነገር ማወቅና መሥራት የተለያዩ ናቸው። ሐኪም ስለ መርዝ የሚማረው መርዝ ለማጠጣት አይደለም። እንዲያውም ሪባ በምን መልኩ እንደሚገባ ያላወቀ ነጋዴ ሳያስበው ይወድቅበታል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) የዲኑን የንግድ ሕግ ያልተማረ ሰው በገበያቸው እንዳይነግድ ይከለክሉ እንደነበር የሚተላለፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ምዕራፉን ታጥና፤ በፈተናም «በኢኮኖሚክስ ለካፒታል የሚከፈለው ምን ይባላል?» ተብላ ስትጠየቅ መጽሐፉ የሰጠውን ስም ትጻፍ። የተጠየቀችው የትምህርቱን ትርጓሜ ነው፤ የራሷን እምነት አይደለም።

ነገር ግን ነገሩ በዚያ አያበቃም። ምዕራፉን በመጽሐፉ ካነበበች በኋላ ቤት ውስጥ ሌላኛው ግማሽ ሊጨመርላት ይገባል። ይህ የወላጆችና የኡስታዞች ድርሻ ነው። በአንድ ምሳሌ እናሳይ። አንድ ነጋዴ 40,000 ብር የሚያወጣ ፍሪጅ ፈለገ እንበል። በመደበኛ ብድር 40,000 ብር ተበድሮ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢከፍል በዓመቱ መጨረሻ 46,000 ብር ይመልሳል። በሙራባሓ ደግሞ ባንኩ ፍሪጁን ራሱ በ40,000 ብር ገዝቶ፣ የራሱ ካደረገው በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን አሳውቆ በዓመት ውስጥ ለሚከፈል 46,000 ብር ለነጋዴው ይሸጥለታል። ቁጥሩ አንድ ነው። ልጅቷ «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ ጥሩ ጠየቀች፤ ቆጣ ልንልባት አይገባም። ልዩነቱ ያለው በውሉ ነው። በመጀመሪያው ገንዘብ በገንዘብ ተሽጧል፤ ክፍያው በዘገየ ቁጥርም ወለዱ እየጨመረ ይሄዳል። በሁለተኛው ግን ዕቃ ተሽጧል፤ ባንኩ ዕቃው በእጁ ሳለ ቢጠፋ ኪሳራው የራሱ ነው፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላም በመዘግየት ምክንያት ለባንኩ ትርፍ ሆኖ አያድግም። ባንኩ ዕቃውን ሳይገዛ ወረቀት ብቻ ካዘዋወረ ደግሞ ስሙ ሙራባሓ ቢሆንም ነገሩ ሙራባሓ አይሆንም።

ይህ እውቀት ዛሬ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ በር ከፈተ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። እነዚህ ባንኮች ሒሳብ የሚያውቁም ሸሪዓን የሚያውቁም ሠራተኞች ይፈልጋሉ። ሁለቱን አጣምራ የያዘች ልጅ ለራሷም ለኡማውም ትጠቅማለች። «ወለድ ስላለበት አትማሪው» የተባለች ልጅ ግን ይህን ቦታ ለሌላ ትተዋለች።

ከሙራባሓ ሌላ ሁለት ቃላት ትወቅ። በሙዳረባ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና እውቀት ያዋጣል፤ ትርፉን በተስማሙት ድርሻ ይካፈላሉ፤ ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ የባለ ገንዘቡ፣ ድካሙ የሠራተኛው ይሆናል። በሙሻረካ ሁሉም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኪሳራውንም በገንዘባቸው መጠን ይሸከማሉ። መማሪያ መጽሐፉ ስለ ሽርክና በሚያስተምርበት ሳምንት እነዚህን በቤት ማንሣት ተገቢ ነው።

በሱቁ ውስጥ ያለው መጽሐፍ

ለንግድ ልጆች የሚሆን አንድ ሌላ አጋዥ መጽሐፍ አለ፤ በገበያም አይሸጥም። እሱም የሱቁ ደብተር ነው።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው መሆኑ ብዙዎቻችንን ሊያስገርም ይገባል። ይህ ረጅም አንቀጽ የሚናገረው ዕዳ ስለ መጻፍ ነው። ጊዜው እንዲወሰን፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ባለዕዳው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰላች ያዛል። የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በዲናችን ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አለው። ስለዚህ ልጃችን የዱቤውን ደብተር በሥርዓት ብትይዝልን ትምህርትም ዒባዳም ነው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ምናልባት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት እንስጣት። በወሩ መጀመሪያ የነበረው ዕቃ 30,000 ብር፣ በወሩ የተገዛው 120,000 ብር፣ በወሩ መጨረሻ ተቆጥሮ የተገኘው 40,000 ብር ቢሆን የተሸጠው ዕቃ የወጣበት ዋጋ 110,000 ብር ነው። ሽያጩ 140,000 ብር ከሆነ ያልተጣራው ትርፍ 30,000 ብር ይሆናል። ኪራይ፣ መብራትና መጓጓዣ 18,000 ብር ቢፈጁ የተጣራው ትርፍ 12,000 ብር ነው። ይህን በራሷ ሱቅ ቁጥር ሦስት ወር የሠራች ልጅ በፈተና ላይ ቀመሩን አትረሳውም። አባትም ቢሆን ሱቁ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ያያል።

ዘካውም ከዚህ ይወጣል። ለሽያጭ የቀረበው ዕቃ በዛሬው ገበያ ዋጋ ይተመናል፣ በእጅና በባንክ ያለው ገንዘብ፣ እንደሚከፈል ተስፋ ያለው ዱቤም ይጨመራል፣ መከፈል ያለበት ዕዳ ይቀነሳል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ፍሪጁ ለሽያጭ ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ቀሪው ብዙ ዑለማዎች በ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚለኩትን ኒሳብ ከሞላና አንድ የሂጅራ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ ይወጣል። መማሪያ መጽሐፉ በሚሸጥ ንብረትና በቋሚ ንብረት መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስተምር ልጅቷ ይህን ቀድማ ታውቀዋለች። የራሱ ሁኔታ የተወሳሰበበት ሰው ደግሞ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ።

ሱቅ የሌላቸው ቤተሰቦችም አልቀረባቸውም። የቤቱን የወር ወጪ፣ የዶሮውን እንቁላል ሽያጭ፣ የእናትን እቁብ መዝግቦ መያዝ ያው ትምህርት ነው።

ለአንድ ሰው የከበደ ለጀማዓ ይቀላል

በመጨረሻም አቅም ለሌላቸው አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በአንድ ሰፈር ያሉ አምስት ወላጆች እያንዳንዳቸው ያንኑ መጽሐፍ ከሚገዙ፣ አንዱ የኢኮኖሚክስ፣ አንዱ የሒሳብ፣ አንዱ የእንግሊዝኛ፣ አንዱ የጂኦግራፊ፣ አንዱ የታሪክ ቢገዙና ልጆቹ በየተራ ቢጠቀሙ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አምስት መጽሐፍ ያገኛሉ። በመስጂድ ግቢ ወይም በመድረሳ ውስጥ አንዲት መደርደሪያ ብትዘጋጅ ዓመቱን የጨረሱ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ለተከታዮቻቸው ያስቀምጡባታል። የሚጠቅም እውቀት ከሰው ሞት በኋላም ምንዳው እንደማይቋረጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የተቀመጠው መጽሐፍ ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ያልተለወጠ መሆኑን በየዓመቱ አንድ መምህር ቢያይልን አይከፋም፤ ያለበለዚያ ሶደቃ ብለን የሰጠነው ሌላውን ልጅ ያሳስታል።

እንግዲህ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። መማሪያ መጽሐፉ በእጅ ይኑር፤ ከእሱ ጋር የሚገጥም፣ ምክንያቱን የሚያስረዳ አንድ አጋዥ ይበቃል፤ መጽሐፉ የተወውን የዲናችንን ድርሻ እኛ እንጨምር፤ የሱቁንና የቤቱን ደብተር ለልጆቻችን እንክፈትላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ለእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) በታማኝነት ነግደዋል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና ባዶ እጃቸውን ሲገቡ የለመኑት ምጽዋት አልነበረም፤ የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩዋቸው ነበር። የእኛም ልጆች ገበያውን በእውቀትና በታማኝነት ይግቡበት።

አላህ ልጆቻችንን በሚጠቅም እውቀት ያንጽልን፣ ሐላል ሲሳይንም ያስፋልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።